የሄዱትስ?

ዛሬ እንዲሁ ደብሮኛል። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ደሴን ውጧታል፤ መብራትም የለም። በዚህ መሀል የእህቴ ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። «አካባቢያችሁ እንዴት እንደተለወጠ ትልልቅ ሰዎችን ጠይቁ» ተብለዋል። ትልቅ ሰው እኔ መሆኔ ነው እንግዲህ።

በሚገባት መንገድ ጀመርኩ። ድሮ ሰው በእግርና በበቅሎ ነበር የሚሄደው። በ1928 ጣሊያን ገባ፣ የመኪና መንገድ ሠራ። በመንገዱ ነጋዴ መጣ፣ ሱቅ ተከፈተ፣ ቤት በዛ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሲተከል ደግሞ ከየገጠሩ ሠራተኛ መጣ። የሣር ክዳኑ በቆርቆሮ ተተካ። ቅሬው፣ ማለትም እድሩ፣ ግን ያው ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀብራል፣ መዋጮው ብቻ በቴሌብር ሆኗል። ምን አለ አስተማሪ ብሆን ኖሮ፣ አልኩ በሆዴ።

«መጣ፣ መጣ ብቻ ነው የምትለው። የሄደ የለም እንዴ አጎቴ?»

ሙያዬ እዚያ ላይ አለቀ።

1977 ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ድርቁ፣ የኮረም የረሃብተኞች መጠለያ፣ ከዚያ የደርግ ሰፈራ። ስንቱ የወሎ ሰው በአውቶብስና በአውሮፕላን ተጭኖ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ መተከል ያለው ፓዊ ወረደ። ወዶ የሄደ አለ፣ ተይዞ የተጫነም አለ። የአያቴ ታናሽ ወንድም ከነልጆቹ ከአምባሰል ፓዊ ገባ። አያቴ ቡና ባፈላች ቁጥር በረካው ላይ ስሙን ጠርታ ዱዓ ታስደርግ ነበር። ወሬው ሳይመጣ እሷም ሄደች።

ይህን ለትንሽ ልጅ ምን ብለህ ትነግራለህ? «ዝናብ ያለበት አገር ፍለጋ ሄዱ» አልኳት። የተጫኑትን ዘለልኳቸው። እሷም ጻፈችና ወደ ጨዋታዋ ሮጠች። እኔ ግን ተቀምጬ ቀረሁ።

እስከ ዛሬ የማስበው ከኛ የጎደሉትን ብቻ ነበር። ፓዊ ደግሞ ባዶ ሜዳ አልነበረም፤ ጉሙዞች ያርሱበት፣ ያድኑበት የነበረ አገር ነው። አንድ ቀን ሲነሱ ከየት እንደመጣ የማያውቁት ሕዝብ ቆርቆሮና ትራክተር ይዞ ደጃቸው ሰፈረ። እኛ ሄዱብን ስንል እነሱ መጡብን ይላሉ ማለት ነው። ስንት ጊዜ ስለ ሰፈራ ሳወራ ይህ አንዴም ትዝ ብሎኝ አያውቅም። አዋቂው እኔ!

የዚያ አጎታችን የልጅ ልጅ ፓዊ ላይ ይህንኑ የቤት ሥራ ቢሰጡት ከየት ይጀምራል? ከአምባሰል ነው ወይስ አውቶብሱ ከቆመበት? አጠገቡ የተቀመጠው የጉሙዝ ልጅስ ስለኛ ምን ብሎ ይጽፍ ይሆን?