ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት የመብራት ቢላችሁን አንብቡ

አዳማ ውስጥ ሶላር የሚሸጥ ሱቅ ገብታችሁ «ለቤቴ ምን ያህል ባትሪ ይበቃል?» ብትሉ፣ ሻጩ የዕቃዎቻችሁን ዋት ደምሮ አንድ ቁጥር ይነግራችኋል። ድምሩ ትክክል ሊሆን ይችላል። ያ ባትሪ ገንዘቡን በስንት ዓመት እንደሚመልስ ግን ከዋት ድምር አይገኝም። እሱን የሚወስነው ቆጣሪው የሚያስከፍልበት መንገድ ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን ካወጣ በኋላ የሚደርስበት ነገር ስለሆነ በቁጥር ላስረዳ።

በመጀመሪያ ከውጭ አገር ቪዲዮ የሚቀዳውን ስሌት እንተው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የመብራት ዋጋ በሰዓት ይለያያል፤ ከቀትር በኋላ እስከ ማታ ያለው ጊዜ ውድ ነው። ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሶላር ያስገባ ደንበኛ ደግሞ ወደ መብራት ኃይል መስመር የሚመልሰው ኃይል ከሚገዛው በእጅጉ ባነሰ ዋጋ ይታሰብለታል። እዚያ የቀኑን ፀሐይ በባትሪ አስቀምጦ ማታ መጠቀም ትርፍ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ዘንድ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ሰዓት አይለይም። ከቀኑ 6 ሰዓትም ሆነ ከምሽቱ 2 ሰዓት አንድ ኪሎዋት ሰዓት (ባለ 1,000 ዋት ዕቃ በአንድ ሰዓት የሚፈጀው ኃይል) ዋጋው አንድ ነው። የእኛ ታሪፍ የሚለየው የወሩን ፍጆታ መጠን ነው።

በ2011 ዓ.ም. ተጀምሮ በአራት ዙር የተጨመረው ታሪፍ ታኅሣሥ 2014 ላይ ሲያልቅ እርከኖቹ እንዲህ ነበሩ፦ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት 0.273 ብር፣ እስከ 100 ድረስ 0.767፣ እስከ 200 ድረስ 1.625፣ እስከ 300 ድረስ 2.00፣ እስከ 400 ድረስ 2.20፣ እስከ 500 ድረስ 2.405፣ ከዚያ በላይ 2.481። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ የሚስተካከል ሌላ ጭማሪ መጥቷል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ስሌት ስትሠሩ በእጃችሁ ካለው የዚህ ወር ቢል ላይ ያለውን ዋጋ ተኩበት፤ መንገዱ አይለወጥም።

ቢሉን ስታነቡ አንድ ነገር አጣሩ፦ እርከኑ የሚታሰበው እየተቆራረጠ ነው ወይስ ጠቅላላው ፍጆታ በደረሰበት እርከን ዋጋ ይባዛል? በ2014ቱ ዋጋ 200 ኪሎዋት ሰዓት የተጠቀመ ቤት ተቆራርጦ ከታሰበ 214.50 ብር፣ ጠቅላላው ከተባዛ 325 ብር ይመጣል። ሁለቱን በካልኩሌተር ሠርታችሁ ቢሉ ላይ ካለው የፍጆታ ሂሳብ ጋር አስተያዩ፤ የአገልግሎት ክፍያውን አትደምሩ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ጠቅላላው የሚባዛ ከሆነ ከ200 ወደ 201 መሻገር ብቻ ሂሳቡን ከ325 ወደ 402 ብር ያዘልለዋል። ያኔ በወር 10 ወይም 15 ኪሎዋት ሰዓት መቀነስ ከሚመስለው በላይ ዋጋ አለው፤ ያን ያህል ለመቀነስ ደግሞ ባትሪ አያስፈልግም።

አሁን ባትሪውን እንመዝን። ገበያ ላይ የተለመደው ባለ 51.2 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ሊቲየም 5.12 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። ዕድሜው እንዲረዝም 80 በመቶውን ብንጠቀም በቀን 4.1 ይሰጣል። በዓመት 1,500፣ በ10 ዓመት 15,000 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ለምሳሌ 200,000 ብር ገዛችሁት እንበል። በባትሪው ውስጥ የሚያልፈው እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት 13.30 ብር ያህል ፈጀ ማለት ነው፤ ፓኔሉንና ኢንቨርተሩን (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን መብራት የሚቀይረውን) ሳንጨምር። በየቀኑ ሙሉ በሙሉ ሠርቶ በ2014ቱ ዋጋ ውዱን የ2.481 ብር እርከን ቢያስቀርላችሁ እንኳ የወሩ ቁጠባ 305 ብር ነው፤ ገንዘቡን ለመመለስ ከ54 ዓመት በላይ ይፈጃል። ታሪፉ ሦስት እጥፍ ቢሆን 18 ዓመት። ባትሪው ግን ያን ያህል አይቆይም። ቢል ለመቀነስ ብሎ ባትሪ መግዛት በዛሬው አከፋፈል አያዋጣም ብዬ በግልጽ እናገራለሁ።

እንዲያውም ቢሉን ሊጨምር ይችላል። ባለ 5 ኪሎዋት ሃይብሪድ ኢንቨርተር (ፓኔልን፣ ባትሪንና መስመርን አንድ ላይ የሚያሠራው) ምንም ዕቃ ሳይነዳ ለራሱ 50 ዋት ገደማ ይበላል። ቀንና ሌሊት ሲበራ በወር 36 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በወር 80 ለሚጠቀም ቤት ይህ ከመስመር የሚሳብ ከሆነ 116 ላይ ያደርሰዋል፤ ከ100 በታች የነበረው ቤት ወደሚቀጥለው እርከን ገባ ማለት ነው። «ሶላር አስገብቼ ቢሌ ጨመረ» ለሚል ሰው መጀመሪያ የምጠቁመው ይህን ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ትርፉ ኃይል ወደ መስመር መመለሱ ነው። አንዳንድ ዲጂታል ቆጣሪዎች ኃይሉ በየትኛውም አቅጣጫ ቢያልፍ እንደ ፍጆታ ይቆጥሩታል፤ የላካችሁትን ገዛችሁት ማለት ነው። ኢንቨርተሩ ወደ መስመር እንዳይልክ ቅንብሩ ይዘጋ፣ አምፒር የሚለካው መቆንጠጫም በዋናው ገቢ ሽቦ ላይ በትክክለኛው አቅጣጫ ይታሰር። ለማጣራት ማታ ፀሐይ በሌለበት ምጣድ ወይም ካውያ አብሩ፤ ስክሪኑ ከመስመር እየተገዛ መሆኑን ካላሳየ መቆንጠጫው ተገልብጧል።

የተከራይ ግቢ ካላችሁ ከባትሪም ከፓኔልም በፊት የሚሠራ ነገር አለ። አምስት ቤተሰብ እያንዳንዱ 60 ኪሎዋት ሰዓት እየተጠቀመ በአንድ ቆጣሪ ቢሆን ድምሩ 300 ነው። በ2014ቱ ዋጋ ጠቅላላው ሲባዛ 600 ብር ይሆናል፤ ለየብቻ ቆጣሪ ቢኖራቸው አምስቱ አንድ ላይ 230 ብር ይከፍሉ ነበር። ተቆራርጦ ቢታሰብም ልዩነቱ 414.50 ለ106.60 ነው። ቆጣሪ ማስለየት ጊዜና ደጅ ጥናት ይፈልጋል፤ ቢሆንም ከየትኛውም ባትሪ የተሻለ ቁጠባ ነው።

ፓኔል ያለ ባትሪስ? ቀን ቤት ሰው ካለና ፍሪጅ፣ የውኃ ፓምፕ፣ ልብስ ማጠቢያ የሚሠራ ከሆነ ሁለት ባለ 550 ዋት ፓኔሎች በበጋ በቀን 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣሉ። የአዳማ ነፋስ ኮረብታው ላይ ያሉትን ተርባይኖች እያዞረ አቧራውን ፓኔል ላይ ይጭናልና፣ በበጋ በየሁለት ሳምንቱ ማለዳ ሳይሞቅ በውኃና በለስላሳ ጨርቅ ይጠረግ። በክረምት ደመና ምርቱ ስለሚወርድ የሐምሌን ቢል በታኅሣሥ ፀሐይ አትገምቱ።

እንግዲህ ባትሪው የት ነው የሚያዋጣው? መብራት በሚጠፋበት ሰዓት። ያኔ የሚወዳደረው ከመብራት ታሪፉ ጋር ሳይሆን ከጄኔሬተር ጋር ነው። አነስተኛ ቤንዚን ጄኔሬተር በቂ ጭነት ሲኖረው ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ግማሽ ሊትር ገደማ ይፈጃል፤ በጥቂት አምፖል ብቻ ሲሠራ እጥፍ ይደርሳል። ሊትሩን 120 ብር ብንይዝ 60 ብር ነው። አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ያለ ፀጉር ቤት በሳምንት ሁለት ቀን መብራት ጠፍቶበት በየጊዜው 3 ኪሎዋት ሰዓት ቢፈልግ፣ በዓመት የ18,720 ብር ነዳጅ ይቀርለታል፤ የ200,000 ብሩ ባትሪ በ11 ዓመት ገደማ ይመለሳል። በሳምንት አራት ቀን ከሆነ አምስት ዓመት ከጥቂት ወር። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ለሁለት ወር የጠፋበትን ቀንና ሰዓት ደብተር ላይ መዝግቡ። ከማንኛውም የሻጭ ምክር የሚበልጥ መረጃ እሱ ነው።

ለዚህ አገልግሎት ፓኔል የግድ አይደለም። ባትሪውን ከመስመር መሙላት በ2014ቱ የ2.481 ብር እርከን እንኳ የብክነቱን ጨምሮ 3 ብር ገደማ ነበር። መጠኑም ትንሽ ይሁን። አምስት ባለ 9 ዋት አምፖል፣ ቴሌቪዥን፣ ዋይፋይና ፍሪጅ ለአራት ሰዓት 0.75 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃቸዋል። ባለ 12.8 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ሊቲየም 1.28 ስለሚይዝ ይሸከማል፤ ኢንቨርተሩ ለፍሪጁ መነሻ 1 ኪሎዋት ንጹሕ ሳይን ዌቭ (እንደ መስመሩ ለስላሳ ሞገድ የሚሰጥ) መሆን አለበት። ጄል ባትሪ (የእርሳስ ባትሪ ዓይነት) ከመረጣችሁ ባለ 200 አምፒር ሰዓቱ በስም 2.4 ይበል እንጂ ከግማሹ በታች ስታወርዱት ዕድሜው ያጥራል፤ በ1.2 አስቡት።

ምጣድ በምንም መንገድ በባትሪ መስመር አይታሰር። ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ በ51.2 ቮልት ከ70 አምፒር በላይ ማለት ነው። ፍሪጅና ካውያ ሲጨመሩበት የባትሪው መከላከያ ይቆርጥና ቤቱ በሙሉ ይጨልማል። ምጣድና ምድጃ ከዋናው ብሬከር በቀጥታ፣ መብራትና ፍሪጅ በኢንቨርተር በኩል፣ ሁለቱ መስመሮች ተለይተው ይዘርጉ።

የኢንቨርተሩ ቅንብሮች በስክሪኑ ላይ «ፕሮግራም» ተብለው በቁጥር ይመጣሉ፤ በየቤቱ የሚታየው ስህተት የኃይል ቅደም ተከተል የሚመረጥበት ፕሮግራም 01 ላይ ነው። በብዙዎቹ ሃይብሪዶች ኤስቢዩ ሲመረጥ ኢንቨርተሩ ፀሐይን፣ ቀጥሎ ባትሪን፣ በመጨረሻ መስመርን ይጠቀማል። ቢል ለመቀነስ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ባትሪው በየማታው ባዶ ሆኖ ከምሽቱ 3 ሰዓት መብራት ሲጠፋ ምንም አለመኖሩ ነው። መብራት ለሚጠፋበት ጊዜ ብቻ የገዛችሁት ከሆነ መስመር እያለ መስመርን እንዲጠቀም አድርጉት። ከመስመር የሚቀበለው የቮልቴጅ ወሰን የሚመረጥበት ፕሮግራም 03ም ይታይ። ዩፒኤስ በሚለው ላይ ከሆነ ቮልቴጅ ከ170 በታች ሲወርድ ወደ ባትሪ ይዞራል፤ ማታ ቮልቴጅ በሚወርድበት ሰፈር መብራት ሳይጠፋ ባትሪው ያልቃል። ኤፒኤል ላይ ሲደረግ እስከ 90 ቮልት ይታገሳል፤ ያን ጊዜ ግን ፍሪጁ የራሱ መከላከያ ያስፈልገዋል። ፕሮግራም 11 ከመስመር የሚሞላበት አምፒር ነው። በባለ 51.2 ቮልቱ ባትሪ 20 አምፒር ላይ ብታደርጉት 1 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ ባዶው ባትሪ በአምስት ሰዓት ገደማ ይሞላል። 60 ላይ ከተተወ 3 ኪሎዋት ይሆንና መብራት በተመለሰ ቅጽበት ከምጣዱ ጋር ተዳምሮ ዋናውን ብሬከር ያወርዳል።

ባትሪውን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ኮርኒስ በሌለው ክፍል አታስቀምጡት። ሊቲየሙን ሙቀቱ ከመጠን ካለፈ መከላከያው መሙላት ያቆማል፤ ጄሉ ደግሞ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜውን በግማሽ ያጣል። በጥላ በኩል ያለ ግድግዳ፣ ከወለል ከፍ ብሎ፣ ዙሪያውን አየር የሚያገኝበት ቦታ ይሻላል። በየሦስት ወሩ አንድ ምሽት የኢንቨርተሩን ገቢ ብሬከር ዘግታችሁ ቤቱ ስንት ሰዓት እንደቆየ ጻፉ፤ ቁጥሩ ከመጀመሪያው ወር ከአንድ አምስተኛ በላይ ካነሰ የባትሪውን ማሰሪያ ቦልቶችና ቅንብሩን መርምሩ።