ሳይገባ እንዴት ይወጣል?

«ለሳቅ የተሠራ ነገር ነው፤ ምን ታካብደዋለህ!» ያለኝ የንብረት ክፍል ኃላፊያችን ነው። ንግግሩ እስካሁን ከውስጤ አልወጣም።

መጋዘናችን ቃሊቲ ነው። ዕቃ በማይገባበት ቀን ከምሳ በኋላ ትንሽ ፋታ አለን። ያኔ አንድ ስልክ ላይ ተጠጋግተን «ፍሬንድስ» የሚባለውን የአሜሪካ አስቂኝ ተከታታይ ፊልም እናያለን። እኔ ከሁሉም የምወደው እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣውን የታንክስጊቪንግ (የአሜሪካኖች የምስጋና በዓል) ክፍል ነው። ከጓደኛሞቹ አንዱ ጆይ፣ ጭንቅላቱ ተርኪ የሚባለው ትልቅ ወፍ ውስጥ ተቀርቅሮ አልወጣ ሲለው ዛሬም እንባዬ እስኪመጣ እስቃለሁ።

ግን አንድ ነገር አይገጥምም። እዚያ ክፍል ላይ ወደ 1987 ይመልሱናል። ቻንድለር ከሮስ ጋር ለበዓሉ የሮስ ወላጆች ቤት ይሄዳል፤ የሮስ እህት የሞኒካ ጓደኛ ሬቸልም እዚያ አለች። በ1994ቱ የመጀመሪያ ክፍል ደግሞ ሬቸል የሙሽራ ቀሚሷን እንደለበሰች ካፌው ስትገባ፣ ሞኒካ ቻንድለርን እንደ አዲስ ሰው ታስተዋውቃታለች። ሮስ ጋ ስትደርስ ግን ወንድሜን ታስታውሺዋለሽ አይደል ትላታለች። እኔን የሚያንገበግበኝ ይቺ ናት። አንዱን ታስታውሳለች ከተባለ፣ ሌላውን አታውቀውም ማለት ነው።

የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ተከራከረችኝ። «ሬቸል ያኔ አፍንጫዋ ትልቅ ነበር። በኋላ አሠርታዋለች። ቻንድለር አላወቃትም።»

«እሺ፣ እሱ አላወቃትም። እሷስ? የሱን ፊት ማን ለወጠው?»

«ፀጉሩን አላየኸውም እንዴ?»

እውነቷን ነው፣ የ1987ቱ ፀጉሩ ሌላ ሰው ያስመስለዋል። ክርክሩ ሞቆ ሳለ ነው ኃላፊው መጥቶ ያንን ያለው። ዝም አላልኩም። የሞኒካ ቤት በር መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ 5 ነበር። ቤቱ ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ስለሆነ በኋላ 20 አደረጉት። የበር ቁጥር ያስጨነቀው ሰው ለትውውቁም መላ አያጣም ነበር። በ1998ቱ ክፍል ላይ አንዳቸው «ታዲያ ካፌ ውስጥ ምን ብላ ነው ያስተዋወቀችን?» ቢሉ ኖሮ ክፍተቱ ራሱ ጥሩ ሳቅ ይወጣው ነበር። ይህን ሁሉ ነገርኩት። እጁን አወናጭፎ ሄደ።

ወሩ መጨረሻ ላይ ያው ሰው መጣ። ሾፌሩ አራት ጎማ ከአቅራቢው በቀጥታ ወስዶ መኪናው ላይ አስገጥሟል። ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) ቁረጥ፣ ቀኑንም ጎማው በተወሰደበት ቀን አድርገው አለኝ። የገቢ ደረሰኙ ሞዴል 19 ግን አልተቆረጠም። ዕቃውን አይቶ የተረከበ ሰው የለም። የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ቢን ካርድ ላይ ከወጪ ቀሪው ዜሮ ነው።

«ሳይገባ እንዴት ይወጣል?» አልኩት።

«ይሄ ፊልም አይደለም» አለኝ።

«ለዚህ እኮ ነው እምቢ ያልኩህ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። በመጨረሻ ተረካቢ ኮሚቴው መኪናው ድረስ ሄዶ ጎማዎቹን አየ። መጀመሪያ ሞዴል 19፣ ቀጥሎ ሞዴል 22 ቆረጥኩ፤ ሁለቱም ላይ የዕለቱን ቀን ጻፍኩ። ኃላፊው ፈረመ።

በስድስት ወሩ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ላይ ታዲያ «ተባባሪነት» የሚለው ጋ ዝቅተኛውን ነጥብ ሞላልኝ። ቅሬታ አስገብቻለሁ፤ የሁለቱንም ሞዴሎች ኮፒ አያይዣለሁ።