የጓሮዬ ድንጋዮች አበቡ
ትናንት በረዶ በአካፋ ስንዝቅ ዋልን፣ ዛሬ ፀሐይ! የዴንቨር መጋቢት እንዲህ ነው። እረፍቴ ስለነበር ቡናዬን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ከትልቁ ድንጋይ በደቡብ በኩል ክሮከሶቹ (ከሽንኩርት መሰል ሥር የሚበቅሉ ትንንሽ አበቦች) ፈክተዋል፦ ሐምራዊ፣ ቢጫ፣ አንዲት ነጭ። በሰሜን በኩል ያሉት ጫፋቸውም አይታይ። ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ለአፈሩ ይመልሳል፤ ደቡቡ ደግሞ ፀሐይ ይጠግባል። መስከረም ላይ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ቆፍሬ ስቀብራቸው ባለቤቴ «ሽንኩርት ነው?» ብላ ስቃብኝ ነበር። አፈሩ ላይ ጠጠር የደባለቅሁት፣ ውሃ አቁሮ እንዳያበሰብሳቸው ነው። ሲመሽና ሲቀዘቅዝ ስለሚከደኑ ማየት የፈለገ እኩለ ቀን ላይ ብቅ ይበል (ቡና አለ)። አዲስ አበባ እናቴ ልትተኛ ስትል በቪዲዮ አሳየኋት። «አደይ ይበልጣል» አለች። ቢጫዋን አስጠግቼ ባሳያትም ወይ ፍንክች!