ለቀየርኩት መምሪያ የሚስማማ የዲስክ ሽፋን እንዴት እንደ መረጥኩ

ከጠረጴዛ መጋዜ፣ ማለትም ጥርሳም ዲስኩ ከጠረጴዛው መሐል ወጥቶ እንጨት ከሚሰነጥቀው ማሽን፣ ጋር አብሮ የመጣው መምሪያ፣ ማለትም እንጨቱ ተደግፎ ወደ ዲስኩ የሚሄድበት ቀጥ ያለ ብረት፣ ከፊትና ከኋላ የሚቆለፍ ዓይነት ስለ ነበር በተቆለፈ ቁጥር የኋላ ጫፉ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ዲስኩ ይጠጋ ነበር። ይህ ትንሽ ቢመስልም እንጨቱ በመምሪያውና በዲስኩ መካከል እንዲጣበቅ ያደርጋል፤ በዲስኩ የኋላ በኩል ያሉት ጥርሶች ደግሞ ከጠረጴዛው ውስጥ ወደ ላይ የሚወጡ በመሆናቸው የተጣበቀውን እንጨት አንሥተው ወደ ሠራተኛው ይወረውሩታል። ስለዚህ በፊተኛው ሐዲድ ላይ ብቻ የሚቆለፍ፣ ቢስሜየር በሚባለው ቅርጽ የተሠራ፣ ከሌላ አምራች የመጣ ከባድ መምሪያ ገጠምኩ። መምሪያው እንደ ተመኘሁት ሆነልኝ። ችግሩ የመጣው የዲስኩን መከላከያ ሽፋን መልሼ ልገጥም ስል ነው።

የቀድሞው ሽፋን የሚታሰረው ዲስኩን ከሚሸከመው አካል ተነሥቶ ከጠረጴዛው ኋላ በሚወጣ ዘንግ ላይ ነበር። የአዲሱ መምሪያ ጫፍ የሚንሸራተትበት፣ የኤል ቅርጽ ያለው የኋላ ሐዲድ ደግሞ ልክ በዚያ ዘንግ ላይ ያልፋል። ሐዲዱን በዚያ ቦታ ብቆርጠው ዲስኩ ቀጥ ብሎ ሲቆም ሽፋኑ ይገባል፤ ዲስኩ ወደ 45 ዲግሪ ሲያጋድል ግን ዘንጉ አብሮት ስለሚሄድ የሚቆረጠው ክፍል በጣም ይሰፋና ሐዲዱ ጥንካሬውን ያጣል። ሽፋኑን ከባንኮው ሥር አስቀምጬ ለጥቂት ሳምንታት ያለ ሽፋን ሠራሁ። ብዙዎቻችን ሽፋን የምንተወው እንዲህ «ለጊዜው» እያልን ስለሆነ ይህን ሳልደብቅ መጻፍ እፈልጋለሁ።

አንድ ቀን 30 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ረጅም የእንጨት ዘንግ ስሰነጥቅ በእንጨቱ ውስጥ የነበረው ውጥረት ተፈታና ስንጥቁ ከዲስኩ ኋላ ተዘጋ። የሞተሩ ድምፅ ወረደ፤ የተቃጠለ እንጨት ሸተተኝ፤ ወዲያውም ዘንጉ ከእጄ ተነጥቆ በግራ ጎኔ አልፎ ከኋላዬ ያለውን ግድግዳ ወጋው። 254 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ዲስክ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ሲዞር የጥርሱ ፍጥነት በሰከንድ 53 ሜትር፣ በሰዓት ደግሞ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ልስኑ ላይ የቀረውን ቀዳዳ በጣቴ ብለካው እስከ መጀመሪያው አንጓ አስገባኝ። ከዚያ በኋላ ሽፋን ሳላገኝ አንድም እንጨት ላለመሰንጠቅ ወሰንኩ።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ሽፋኑን በመጋዙ ሞዴል መፈለጌ ነበር። ለመጋዜ ሞዴል ይስማማል የተባለ ሽፋን ገዛሁ፤ በርግጥም ከመጋዙ ጋር ይስማማል፤ ነገር ግን «ይስማማል» የተባለው ከፋብሪካው መምሪያ ጋር ላለው መጋዝ ነው። የሽፋኑ ዘንግ ያው ከሐዲዱ ጋር ተጋጨ። ከዚህም የባሰው በኋላ ያስተዋልኩት የስፋቱ ጉዳይ ነው። ሽፋኑ 110 ሚሊ ሜትር ስፋት ስላለው ከዲስኩ መሐል ወደ መምሪያው በኩል 55 ሚሊ ሜትር ይወጣል። የአዲሱ መምሪያ ቁመት 65 ሚሊ ሜትር ሲሆን የቀድሞው ከዚህ በጣም ዝቅ ያለ ነበር። ስለዚህ መምሪያውን ከ55 ሚሊ ሜትር ወደሚያንስ ርቀት ባስጠጋሁት ቁጥር የሽፋኑ ጎን ከመምሪያው ጋር ይላተማል፤ ከምሰነጥቀው እንጨት ግማሽ የሚሆነው ደግሞ ከዚያ የጠበበ ነው። ጠባብ ሥራ በመጣ ቁጥር የሚነሣ ሽፋን ውሎ አድሮ ተነሥቶ እንደሚቀር ከራሴ ባሕርይ ዐውቃለሁና መልሼ ሰጠሁት።

ሁለተኛውን ከመግዛቴ በፊት ያደረግኩት ነገር ቀላል ነው፤ ከሁሉም የጠቀመኝ ግን እሱ ነው። መጋዙን ከኤሌክትሪክ ነቅዬ፣ ላስበው የቻልኩትን ሽፋን በልኩ ከካርቶን ሠርቼ፣ ዲስኩ ላይ በክር አንጠለጠልኩት። ከዚያ መምሪያውን ከሩቅ እያስጠጋሁ የት እንደሚነካ በእርሳስ ምልክት አደረግኩ፤ ዲስኩን እስከ ጫፉ ከፍ አድርጌ፣ ዝቅ አድርጌ፣ 45 ዲግሪ አጋድዬም ደገምኩት። የእኔ ዲስክ ወደ ግራ፣ ከመምሪያው ተቃራኒ ወደሆነው በኩል ነው የሚያጋድለው፤ ወደ ቀኝ በሚያጋድል መጋዝ ላይ ግን ሽፋኑና መምሪያው የበለጠ ስለሚቀራረቡ ይህን ፍተሻ መዝለል አይገባም። ካርቶኑ የነገረኝ ሁለት ነገር ነው፤ ከጠረጴዛው ኋላ የሚታሰር ማንኛውም ሽፋን ለእኔ እንደማይሆን፣ የሽፋኑ ሁለት ጎኖችም እየብቻቸው ከፍ ዝቅ የሚሉ መሆን እንዳለባቸው።

ስለዚህ ከላይ በክንድ የሚንጠለጠለውን ዓይነት መረጥኩ። ከጣሪያ የሚሰቀለው ለማይንቀሳቀስ መጋዝ መልካም ነው፤ የእኔ ግን በጎማ ስለሚገፋ በጠረጴዛው ቀኝ ጫፍ ከሚቆም ምሰሶ ላይ የሚነሣ ክንድ ያስፈልገኝ ነበር። እዚህም ላይ የመምሪያው ለውጥ ተከተለኝ። አዲሱ ሐዲድ ከዲስኩ ወደ ቀኝ 130 ሴንቲ ሜትር ስለሚዘረጋና ምሰሶውም ከሐዲዱ ጫፍ ውጭ መቆም ስላለበት፣ ለአጭር ሐዲድ የተሠራው ክንድ ዲስኩ ጋ አይደርስም። ረጅሙን ከመረጥኩ በኋላም ክንዱ እየረዘመ ሲሄድ ጫፉ እንደሚወዛወዝ አሰብኩና ሽፋኑን በእጄ ወደ ጎን ገፋሁት፤ ዲስኩን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው አየሁ። የክንዱን ቱቦላሬ የሚያስረው ዳዶ ላልቶ ነበር። ጠበቅ አድርጌ ምሰሶውንም በተጨማሪ ብሎን ካሰርኩት በኋላ በኀይል ስገፋው እንኳ ከዲስኩ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ይርቃል። ይህን ፍተሻ ዲስክ በቀየርኩ ቁጥር እደግመዋለሁ።

ለጠባቡ ሥራ መፍትሔ የሆነው ሽፋኑ ብቻ አይደለም፤ በመምሪያው ላይ የማስረው ዝቅተኛ መደብ ነው። ከኮምፔርሳቶ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 45 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀጥ ያለ ቁራጭ አውጥቼ፣ በመምሪያው ርዝመት ልክ ከሥሩ ወደ ዲስኩ እንዲወጣ አድርጌ በሞርሳ አጠብቀዋለሁ። እንጨቱ የሚደገፈው በዚህ ዝቅተኛ ጠርዝ ላይ ይሆናል፤ ረጅሙ መምሪያ በ45 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ስለሚቀር የሽፋኑ ጎን ከመደቡ በላይ ያለ ችግር ይቀመጣል። ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ 15 ሚሊ ሜትር ዘንግ ስሰነጥቅ ከዲስኩ እስከ ረጅሙ መምሪያ 60 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን 55 ሚሊ ሜትር ለሚወጣ ሽፋን እንኳ ቦታው ይበቃል። መግፊያ እንጨቱም ከመደቡ በላይ እንደ ልቡ ያልፋል። መረሳት የሌለበት የመምሪያው መለኪያ አሁን በ45 ሚሊ ሜትር እንደሚሳሳት ነው፤ መደቡ በታሰረ ጊዜ ሁሉ በመለኪያው ሳልታመን ከዲስኩ ጥርስ እስከ መደቡ ጠርዝ በሜትር እለካለሁ።

ከላይ የሚንጠለጠል ሽፋን እጅን ከዲስክ ይጠብቃል እንጂ እንጨት ወደ ኋላ እንዳይወረወር አያደርግም። ያን የሚያደርገው ከዲስኩ ኋላ የሚቆመውና ስንጥቁ እንዳይዘጋ የሚይዘው ለያይ ብረት ነው፤ የእኔም ከቀድሞው ሽፋን ጋር አብሮ ተነሥቶ ነበር። እንደ እድል ሆኖ ለመጋዜ ከጠረጴዛው ውስጥ የሚታሰር፣ ከዲስኩ ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ አጭር ለያይ ብረት አገኘሁ። ይህ የኋላውን ሐዲድ ጨርሶ አይነካም። ከዲስኩ ጥርሶች ከ3 እስከ 8 ሚሊ ሜትር እንዲርቅ አድርጌ ገጠምኩት፤ ነገር ግን የመጀመሪያው እንጨት መንገድ ላይ ቆሞ አልገፋ አለኝ። በካሊፐር ብለካው ብረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ የገጠምኩት ቀጭን ዲስክ የሚተወው ስንጥቅ ደግሞ 2.4 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ለያይ ብረት ከዲስኩ አካል መወፈር፣ ከሚተወው ስንጥቅ ደግሞ መቅጠን አለበት። 3.2 ሚሊ ሜትር የሚቆርጠውን ዲስክ ስመልስ እንጨቱ ያለ ትግል አለፈ።

ሽፋኑ የሰጋቱራ መሳቢያ ቱቦ መግጠሚያ ያለው መሆኑ ከጠበቅኩት በላይ ጠቅሞኛል፤ ከዲስኩ አናት ወደ ፊቴ ይረጭ የነበረው ብናኝ ከሞላ ጎደል ቀርቷል። ጎኖቹ ፖሊካርቦኔት ከሚባል የሚያሳይ ፕላስቲክ የተሠሩ ስለሆኑ የምጠርጋቸው በሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ነው፤ አሴቶን ቢነካቸው ይደበዝዛሉ፣ ይሰነጠቃሉም፤ የማያሳይ ሽፋን ደግሞ ሰው አንሥቶ ይጥለዋል።

ከ10 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ስስ ዘንግ ስፈልግ መደቡም አይበቃም፤ መግፊያ እንጨቱ በዲስኩና በመደቡ መካከል በቂ ቦታ አያገኝም። ያን ጊዜ ሰፊውን እንጨት በመምሪያው በኩል አድርጌ ስሱ ዘንግ በዲስኩ በሌላው ጎን እንዲወድቅ አደርጋለሁ። ለእያንዳንዱ ዘንግ መምሪያውን እንደ ገና ማስጠጋትና መለካት ስላለብኝ ሥራው ይዘገያል፤ ሽፋኑ ግን ከቦታው አይነሣም።