ያኩዛ አለመሆኔን ፈርሜ የተከራየሁት ቤት

ቶኪዮ በገባሁ በሦስተኛው ወር፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በካትሱሺካ ወረዳ አንዲት ክፍል ልከራይ ደላላው ቢሮ ተቀምጬ ነበር። ደላላው ከውሉ መጨረሻ ያለችውን ትንሽ ሣጥን በእርሳሱ ጫፍ አሳየኝና ምልክት እንዳደርግባት ጠየቀኝ። ምን እንደምትል ስጠይቀው አፈር ብሎ፣ «የፀረ ማኅበረሰብ ኃይል አባል አይደለሁም ነው የምትለው» አለኝ። አለመረዳቴን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያኩዛ» አለ፣ የጃፓን የተደራጁ ወንጀለኞች ማለቱ ነው። ሳቄ መጣ፤ እሱ ግን አልሳቀም። በሳምንቱ የባንክ ሒሳብ ልከፍት ስሄድ ያችው ሣጥን እዚያም ጠበቀችኝ።

አዲስ አበባ ያለው የእህቴ ልጅ ያኩዛን የሚያውቀው በሌላ በር ገብቶ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ የሰፈራቸው ፕሌይስቴሽን ቤት ይቀመጥና፣ የጨዋታ ኩባንያው ሴጋ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በተከታታይ ያወጣውን የያኩዛ ጨዋታ ይጫወታል። ጀርባው ላይ ዘንዶ የተነቀሰው ኪርዩ፣ ካሙሮቾ በሚባል የምሽት ሰፈር እየዞረ ሰው ይደበድባል። ካሙሮቾ እዚህ ቶኪዮ፣ ሺንጁኩ ወረዳ የሚገኘው የካቡኪቾ ሰፈር ግልባጭ ነው፤ ቀዩ የመግቢያ ቅስት እንኳ ሳይቀር። ልጁ ገጸ ባሕርያቱ በጃፓንኛ ሲነጋገሩ የሚሰማውን ቃል ሁሉ ይለቅምና በቴሌግራም ይልክልኛል። «አክስቴ፣ ኦያቡን ምንድን ነው? አኒኪስ?»

አኒኪ ቀላል ነው፤ ታላቅ ወንድም ማለት ነው፣ እኛ ጋሼ እንደምንለው። ኦያቡን ግን እኔንም አስቆዘመኝ። «ኦያ» ወላጅ፣ «ኮ» ልጅ ነው። የቡድኑ አለቃ ኦያቡን ይባላል፣ በወላጅ ቦታ የቆመ። ተከታዩ ደግሞ ኮቡን፣ በልጅ ቦታ የቆመ። ዝምድናው የሚታሰረው ሳካዙኪ በሚባል ጽዋ ነው፤ አለቃው ከሩዝ መጠጡ ይጎነጭና የተረፈውን ለ«ልጁ» ይሰጠዋል። ለወንድማማችነትም ጽዋ አለ፤ ሁለቱ እኩል ከሆኑ እኩል ይካፈላሉ፣ ካልሆኑ ግን ሰባት ለሦስት የሚባል ክፍፍል ሁሉ አለ። ይህን ለልጁ ሳስረዳ የጃፓን ምሳሌ አላስፈለገኝም። ድሮ አገራችን ጠባቂ የሚፈልግ ሰው የባለሥልጣኑን ማር የተቀባ ጣት ጠብቶ የጡት ልጅ ይሆን እንደነበር አያትህን ጠይቅ አልኩት። ጠየቀ። «ታዲያ ያኩዛ ነበርና!» ብሎ መለሰልኝ።

«ያኩዛ» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከካርታ ነው። አንድ የቆየ የቁማር ጨዋታ አለ፤ የካርታዎቹ ቁጥር ይደመርና የሚታየው የመጨረሻው አኃዝ ብቻ ነው። 8፣ 9 እና 3 ከወጡብህ ድምሩ 20 ነው፤ ስለዚህ ዜሮ። ስምንት ያ፣ ዘጠኝ ኩ፣ ሦስት ሳ፤ ሳ ወደ ዛ ተለወጠና ያኩዛ ሆነ፣ የማይረባ እጅ። ልጁን ከሁሉ ያስገረመው ደግሞ ኒንቴንዶ ነው። ዛሬ በቪዲዮ ጨዋታ የምናውቀው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1889 ኪዮቶ ሲቋቋም ሥራው ሃናፉዳ የሚባሉትን ባለ አበባ የጃፓን መጫወቻ ካርታዎች ማምረት ነበር።

ራሳቸውን ያኩዛ ብለው አይጠሩም። «ኒንኪዮ ዳንታይ» ይላሉ፣ ለደካማ የሚቆም ማኅበር እንደማለት። ፖሊስ ደግሞ «ቦርዮኩዳን» ይላቸዋል፣ የዓመፅ ቡድን። ጨዋታው በመጀመሪያው ስም ያምናል፤ የቤት ውሌ በሁለተኛው። እኔ ከውሉ ጋር ነኝ። የገቢ ምንጫቸውን ሺኖጊ ይሉታል፣ ክፉ ቀንን ማለፊያ ማለት ነው። ቃሉ እንጀራ እንጀራ ይሸታል፤ ነገሩ ግን ከባለሱቁ የሚወሰድ የጥበቃ ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2011 ወዲህ በመላ ጃፓን ባሉት ደንቦች ነጋዴው ራሱ እንዲህ ያለ ገንዘብ መክፈል ተከልክሏል። የእኔም ሣጥን ከዚያ ጋር የመጣች ናት። አባል የሆነ ሰው ቤት መከራየት፣ የባንክ ሒሳብ መክፈት፣ ስልክ ማውጣት አይችልም፤ ከቡድኑ ወጥቶም በአብዛኛው አምስት ዓመት ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1963 ወደ 184,000 ይደርሱ የነበሩት ዛሬ በፖሊስ ቆጠራ ከ20,000 በታች ናቸው። ኪርዩ ካሙሮቾ ውስጥ በቡጢ ሲፋለም፣ እውነተኛውን ያኩዛ ያደከመው ወረቀት ነው።

የልጁ ትምህርት እኔንም አሳስቶኛል። የምሠራበት ትንሽ ፋብሪካ ውስጥ ትንሿ ጣቱ የሌለች ሽማግሌ አለ። ጣት መቁረጥ ላጠፋ ያኩዛ የይቅርታ መጠየቂያ መሆኑን ካወቅሁ ወዲህ ሻይ በሁለት እጄ አቀርብለት ጀመር። አንድ ቀን ዓይኔ ጣቱ ላይ ሲያርፍ ያዘኝና እየሳቀ ወደ ብረት መጭመቂያው ማሽን ጠቆመኝ። የእነሱ የሚቆረጠው ደግሞ ከግራ እጅ ጀምሮ ነው፤ የእሱ የቀኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች። ጉልበቷን ያማታልና ፍል ውኃ ልወስዳት አሰብኩ። ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ ትልቅ መታጠቢያ ሄድን። የተቀበለችን ልጅ እናቴን አየች፤ ግንባሯ ላይ መስቀል አለ፣ አንገቷን የከበበ ንቅሳትም አለ። ሁለት ጊዜ አጎንብሳ ይቅርታ ጠየቀችና ግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ አሳየችን፤ የተነቀሰ ሰው አይገባም። ንቅሳት እዚህ የያኩዛ ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በሰሜን ጃፓን ሆካይዶ ውስጥ አገጯ ላይ ባህላዊ ንቅሳት ያላት፣ ከኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ ከማኦሪ የሆነች ሴት እንዲሁ ተመልሳለች። ልጅቷ አዝና መሸፈኛ ፕላስተር አመጣች። ለእናቴ ተረጎምኩላት።

«መስቀሌን በፕላስተር? በይ ተነሺ እንሂድ።»

በማግስቱ ሰፈራችን ያለው ሴንቶ፣ የሠፈር ገላ መታጠቢያው ማለት ነው፣ ምንም ሳይጠይቅ አስገባን። ታጥባ ስትወጣ ፊቷ በርቶ ነበር። ታሪኩን ለእህቴ ልጅ ነገርኩት፤ ከዚያ ወዲህ መልእክቱ ሁሉ «ኦያቡን እንዴት አደሩ በይልኝ» እያለ ይጀምራል።

«ምን እያለኝ ነው?» አለች እናቴ።

«ወላጅ ነው የሚልሽ» አልኳት።