ባነር የለበሰው ዶሮ ቤታችን

የዶሮ ዋና ጠላት ሸለምጥማጥ ነው የሚሉ ሰዎች ሐምሌን በሚያፈስ ቤት ያሳለፈች የጣና ዳር ቄብ አላዩም። የባሕር ዳር ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሆን፣ የሐይቁ ነፋስ ሲያጅበው ከላይ ብቻ ሳይሆን ከጎንም ስለሚመጣ ጣሪያ ብቻውን አያስጥልም። እኔ ደግሞ በከተማዋ ሽምብጥ ሰፈር በምንኖርበት ግቢ ጥግ ላይ ዶሮ ቤት እንድሠራ በባለቤቴ የታዘዝኩት፣ ደመወዜ ለቤት ኪራይና ለጤፍ ተከፋፍሎ ካለቀ በኋላ ነበር።

ከጎረቤት ግንባታ የተረፉ የባሕር ዛፍ እንጨቶችን ለምኜ አቆምኩ፤ ማገሩን በአሮጌ ሽቦ አስሬ፣ ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ መረግሁት። አዲስ ቆርቆሮ የማይታሰብ ስለነበር ጣሪያው ላይ ስደርስ ቆምኩ። አንድ የሰፈራችን አዛውንት «ታንኳ የሚሠራው ከደንገል አይደለም እንዴ? በእሱ ክደነው» ብለው መከሩኝ። ደንገል የሚንሳፈፈው በውስጡ አየር ስላለው እንጂ ውሃ ስለማያሳልፍ እንዳልሆነ፣ ታንኳም ከሐይቁ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ካልደረቀ ውሃ ጠጥቶ እንደሚከብድና እንደሚበሰብስ ለእርሳቸው ማስረዳት ድፍረት ስለሚሆንብኝ አመስግኜ ዝም አልኩ።

መፍትሔው ከቁም ሳጥን ላይ ተጠቅልሎ ተገኘ። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ሲመረቅ በር ላይ የተሰቀለ ወፍራም የላስቲክ ባነር ነበር፤ ልጁ ቆብ ደፍቶ፣ ጥቁር ጋወን ለብሶ፣ ጥርሱን በሙሉ አውጥቶ ይስቃል፤ ከራሱ በላይ «እንኳን ለዚህ አበቃህ» ተብሎ ተጽፏል። ባለቤቴ ፊቱ ወደ ውስጥ እንዲዞር አዝዛ ነበር፤ ነገር ግን ዶሮዎቹ ያን ሳቅ ሲያዩ ደንግጠው አንገባም በማለታቸው ወደ ውጭ ገለበጥነው። ሚስማሩ ላስቲኩን እንዳይቀድደው ከየራሱ ሥር ቆርኪ እያደረግሁ ስመታ፣ ቆቡ ጣሪያው ላይ፣ ዓይኖቹ ክፈፉ ላይ፣ አፉ ከክፈፉ ሥር አረፈ፤ የቀረው አካሉ የሐይቁን ነፋስ እየመከተ እስከ መሬት ወረደ።

በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ አንዲት ጠብታ አልገባችም። ጠዋት በሩን ስከፍት ግን ዶሮዎቹ በስብሰው ቆመዋል፤ የኩሳቸው የአሞኒያ ሽታም ዓይኔን አስለቀሰኝ። የዶሮ ሙቀት 41 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ከትንፋሻቸውና ከኩሳቸው የሚወጣው እርጥበት መውጫ አጥቶ ቀዝቃዛው ላስቲክ ላይ ጤዛ ይሆንና ተመልሶ ይወርድባቸዋል፤ ተመራቂው ሌሊቱን ሙሉ አልቦባቸው ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ነፋሱ በቀጥታ እንዳይመታቸው ከቆጡ ከፍ ያለ፣ ዝናቡም እንዳያገኘው ከክፈፍ ሥር የተከለለ መተንፈሻ መክፈት ግድ ሆነ። እንዲህ ያለ ቦታ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም የልጁ አፍ ነው። ባለቤቴ ፊቷን አዙራ ሳለች በቢላ ቀደድሁት። ለሸለምጥማጡ የሽቦ ወንፊት ያስፈልግ ነበር፤ ደመወዝ እስኪወጣ ድረስ ኃላፊነቱን ውሻችን ተረከበ።

አማቴ ከዘጌ በጀልባ ቡና ይዘውልን የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። ሲደርሱ መሽቶ ስለነበር ምንም አላዩም። ንጋት ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ሲወጡ፣ ልሸኛቸው ተከትያቸው ነበር። አውራው ዶሮ ከቆጡ ዘሎ በልጃቸው አፍ አንገቱን አስግጎ፣ ክንፉን እያማታ ጮኸ። አማቴ ቆመው ከቆቡ ጀምረው እስከ ታች አንብበውት ሲያበቁ «ልጄ፣ ይህ ልጅ እኛ ቤት ሳለ አንድም ቀን ዶሮ ሲጮኽ ተነሥቶ አያውቅም ነበር» አሉኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ወሬው ለባለ ፊቱ ከመድረስ አልዘገየም። በስልክ ሲደውል ለቁጣ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እርሱ ግን አዲስ አበባ ውስጥ የማስታወቂያ ሰሌዳ ኪራይ ስንት እንደሚያወጣ ዘርዝሮ፣ ፊቱ ለዋለበት ጊዜ በእንቁላል እንዲከፈለው ጠየቀ። ወንፊቱን ገዝቼ አፉ ላይ ከመታሁት በኋላ ጥርሱን ሽቦ ያሳሰረ ስለመሰለ፣ ፎቶውን ልኬለት የሕክምናው ወጪ ከኪራዩ እንዲቀነስ ተከራክሬያለሁ፤ እስካሁን አልተስማማንም።