ልጄ ሒሳብን በደረሰችበት ደረጃ እንድትማር ስጠይቅ

የ4ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ በሒሳብ ትምህርት ብቻ ወደ 6ኛ ክፍል ገብታ እንድትማር ለትምህርት ቤቷ ጥያቄ ካቀረብኩ ወዲህ፣ ተመሳሳይ ሐሳብ ያላቸው ወላጆች ከየት እንደሚጀመር ደጋግመው ይጠይቁኛል። የእኔ መልስ ስለ ልጁ ጉብዝና ከመናገር አትጀምሩ የሚል ነው። «ልጄ ጎበዝ ናት» የሚል ወላጅ ሁልጊዜ የሚመጣበት መምህር፣ የትኛው አነጋገር ከፍቅር የትኛው ደግሞ ከማስረጃ እንደመነጨ የሚለይበት መንገድ የለውም። የክፍል መምህርቷንና ርእሰ መምህሩን የጠየቅኳቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ ዘንድሮ ከምትማረው ውስጥ እስካሁን የማታውቀው የትኛውን ነው?

የተሰጠኝ የመጀመሪያ መልስ ብዙ ወላጆች የሚሰሙት ነው፤ ልጅቷ በፈተና ሁሉ ሙሉ ውጤት ስለምታመጣ ትምህርቱ ተስማምቷታል ማለት ነው ተባለ። ሙሉ ውጤት ግን ልጁ ቢያንስ እዚያ መድረሱን እንጂ የት እንደቆመ አይናገርም። እስከ 20 ኪሎ ብቻ የሚያሳይ ሚዛን 20 ኪሎውንም 50 ኪሎውንም እኩል አድርጎ ያሳያል። በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ጁሊያን ስታንሊ እ.ኤ.አ. በ1971 የጀመሩት ጥናት የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነበር። ኤስኤቲ የሚባለውንና ለኮሌጅ መግቢያ የሚያገለግለውን ፈተና የ12 እና የ13 ዓመት ልጆች እንዲወስዱት አደረጉ፤ በክፍላቸው ፈተና አንድ ዓይነት ይመስሉ የነበሩ ልጆችም በከባዱ ፈተና እጅግ የተራራቀ ውጤት አመጡ።

ስለዚህ የጠየቅኩት የ4ኛ፣ የ5ኛና የ6ኛ ክፍል የዓመት ማጠቃለያ ፈተናዎች በተከታታይ እንዲሰጧትና የአሠራር ሂደቷም እንዲታይ ነበር። ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መደመር፣ ምጥጥንና ያልታወቀ ቁጥር መፈለግ አላስቸገሯትም፤ ዘዌን በፕሮትራክተር መለካት ግን ጭራሹን አታውቅም ነበር። ይህን ክፍተት ማወቃችን ከሙሉ ውጤቱ ይልቅ ጠቀመን፤ ዓመት ሙሉ አስቀምጦ የሚያስደግም ሳይሆን በጥቂት ትምህርት የሚሞላ መሆኑ በግልጽ ታይቷልና።

ከሁሉ በላይ መታየት ያለበት ፍጥነት ሳይሆን መረዳት ነው ብዬ አምናለሁ። 3 ለ1/4 ሲካፈል ስንት ነው ተብሎ የተጠየቀ ልጅ «ገልብጠህ አባዛ» የሚለውን ሕግ ተከትሎ 12 ሊል ይችላል። «በሦስት ሙሉ ነገር ውስጥ ስንት ሩቦች አሉ ማለት ነው» ብሎ ወደ 12 የሚደርስ ልጅ ግን ሌላ ነው፤ አልጀብራ ሲመጣ የሚጸናው ይህኛው ነው። በልምምድ ብዛት ብቻ ወደፊት የተገፋ ልጅ ላይ ክፍል ማዘለል ጉዳት ያመጣል፤ እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ እኔም አልደግፍም።

በምትኩ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው አማራጭ ተጨማሪ የመልመጃ ወረቀት ነው። ያወቀውን ነገር በእጥፍ እንዲሠራ የሚታዘዝ ልጅ ግን ቶሎ መጨረስ ቅጣት እንደሚያመጣበት ይማራል። ጓደኞቹን እንዲያስረዳ ማድረግ መልካም ነገር ቢሆንም የራሱን ትምህርት አይተካም። የቁጥር እንቆቅልሾችና ጥልቀት ያላቸው ችግሮች በእርግጥ ይጠቅማሉ፤ ሆኖም በሳምንት አንድ ቀን የሚሰጥ እንቆቅልሽ የቀሩትን ቀናት አይሞላም።

ስለ ማኅበራዊ ሕይወቷ የተነሣውን ስጋት በአክብሮት ሰምቻለሁ። የስታንሊ ጥናት ተሳታፊዎችን ለአሥርት ዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ውጤት፣ ትምህርታቸው የተፋጠነላቸው ሰዎች 50 ዓመት ሲሞላቸው በሥነ ልቦና ደኅንነት ረገድ ጉዳት እንዳልታየባቸው አመልክተዋል። ከዚህም በተጨማሪ የእኔ ጥያቄ በአንድ ትምህርት የተወሰነ ስለሆነ የቀረውን ቀን ከእኩዮቿ ጋር ታሳልፋለች። እ.ኤ.አ. በ2006 የፊልድስ ሜዳሊያ የተባለውን ታላቅ የሒሳብ ሽልማት የተሸለመው አውስትራሊያዊ የሒሳብ ሊቅ ቴረንስ ታኦ በ9 ዓመቱ የዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ሲማር፣ ሌሎቹን ትምህርቶች በየደረጃቸው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይከታተል ነበር። ልጄን ከእርሱ ጋር ማነጻጸሬ አይደለም፤ እያንዳንዱ ትምህርት በራሱ ፍጥነት ሊሄድ እንደሚችል ማሳየቴ ነው።

ፈቃድ ከተገኘ በኋላ ነገሩን የሚያሰናክለው አብዛኛውን ጊዜ የክፍለ ጊዜ ድልድል ነው። የሁለቱ ክፍሎች የሒሳብ ሰዓት ካልገጠመ ልጁ ሌላ ትምህርት ያመልጠዋል። ውጤቱን የሚሞላው የትኛው መምህር እንደሆነ፣ ያመለጠውን ማን እንደሚያካክስለት፣ ሙከራው መቼ እንደሚገመገምና ልጁ ራሱ ካልተመቸው ያለ ኀፍረት እንዴት እንደሚመለስ በጽሑፍ መስፈር አለበት። እኛ የተስማማነው ለአንድ ወሰነ ትምህርት ሙከራ ሲሆን፣ ልጄም ከመፈረማችን በፊት ተጠይቃ ፈቃዷን ሰጥታለች። ያልተዘጋው ጉዳይ የትምህርት ቤቱን የመጨረሻ ክፍል ሒሳብ ከእኩዮቿ ሁለት ዓመት ቀድማ ስትጨርስ የት እንደምትማር ነው፤ ይህንንም ለግምገማው ስብሰባ ከወዲሁ በአጀንዳነት አስመዝግቤዋለሁ።